የጀልባ ወለል ሲለሰልስ፦ ኮር ምንድን ነው፣ እንዴትስ ተቆርጦ ይተካል?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ከእንጨት ከተሠሩት የዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎች ጎን ለጎን ጎብኚዎችን የሚያመላልሱ የፋይበር ግላስ ጀልባዎች ይታያሉ፤ ፋይበር ግላስ ሬዚን በተባለ፣ ደርቆ በሚጠነክር ፈሳሽ የተያያዘ የመስታወት ክር ጨርቅ ነው። በፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ ከሚደርሱ ብልሽቶች መካከል አንዱ በቀላሉ የተሳሳተ ትርጉም ይሰጠዋል። ወለሉ ሲረገጥ ዝቅ ብሎ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ፋይበር ግላሱ እንደሳሳ ቆጥሮ በላዩ ላይ ሌላ ንብርብር ያስደርባል። ወለሉ ለጥቂት ጊዜ ጠንክሮ ይቆይና ተመልሶ ይለሰልሳል፣ ጀልባውም ያለ ጥቅም ክብደት ይጨምራል። የዚህ ብልሽት ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በሚታየው ፋይበር ግላስ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው፣ ኮር ተብሎ በሚጠራው ቁስ ላይ ነው፤ ኮሩ ውኃ ጠጥቶ በስብሷል፣ አለዚያም ከፋይበር ግላሱ ተላቋል።

የተበላሸ ኮር በአዲስ የሚተካ ሲሆን፣ ጥንቃቄ የሚያውቅ ሰው በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ሥራው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው ግን ሬዚኑ ከመበጥበጡ በፊት፣ ገና በአቆራረጡ ላይ ነው።

ኮር ምን ሥራ ይሠራል?

ኮር በሁለት የፋይበር ግላስ ሽፋኖች መካከል ተጣብቆ የሚቀመጥ ቀላል ቁስ ነው። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶን ጠርዙ ላይ ቢታይ ሁለት ስስ ወረቀቶች በመሃላቸው ባለ ሞገድ ወረቀት ተራርቀው ተጣብቀው ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ ወረቀት ለብቻው በጣት የሚታጠፍ ሆኖ ሳለ ሦስቱ አብረው ሲጣበቁ ግን ከባድ ዕቃ ይሸከማሉ። ካርቶኑ በውኃ ሲርስ ወረቀቶቹ ሳይቀደዱ ጥንካሬው የሚጠፋው ሙጫው ስለሚለቅ ነው። የጀልባ ወለልም የሚለሰልሰው በዚሁ መንገድ ነው።

ሰው ወለሉን ሲረግጠው የላይኛው ሽፋን ይጨመቃል፣ የታችኛው ይወጠራል። የኮሩ ሥራ ሁለቱ ሽፋኖች ርቀታቸውን እንዲጠብቁና አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተት መያዝ ነው። የአንድ ጠፍጣፋ አካል ግትርነት ከውፍረቱ በእጅጉ በፈጠነ መጠን ያድጋል፤ አንድ ንብርብር ለሁለት ተከፍሎ በመሃሉ ቀላል ኮር ቢገባና ጠቅላላ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ ወደ 7 ጊዜ፣ አራት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ወደ 37 ጊዜ ያህል ይጨምራል። ክብደቱ ግን የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ይህ ሁሉ ጥቅም ኮሩ በሁለቱም በኩል፣ በሙሉ ገጹ ከመጣበቁ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ኮርን ባዶ ቦታ የሚሞላ ነገር አድርጎ ማሰብ ከዚህ በታች የሚነሡት ስሕተቶች ሁሉ መነሻ ነው።

ለኮርነት በብዛት የሚያገለግሉት የባልሳ እንጨት፣ ፒቪሲ ፎምና ኮምፔርሳቶ ናቸው። ባልሳ በዋናነት ከኢኳዶር የሚመጣ እጅግ ቀላል እንጨት ሲሆን፣ ለኮር የሚውለው በአንድ ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለጀልባ የሚሠራው ፒቪሲ ፎም ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ግራም ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ኮምፔርሳቶ ከሁለቱም ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ዘዴው ለጀልባ ብቻ የተፈጠረም አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የበረረው የእንግሊዞቹ ሞስኪቶ አውሮፕላን አካል በስስ የኮምፔርሳቶ ሽፋኖች መካከል ባልሳ የተጣበቀበት ነበር፤ በአዳማ ዳርቻ ሲሽከረከሩ የምናያቸውን ዓይነት የነፋስ ተርባይን ክንፎችም በአብዛኛው በፋይበር ግላስ ሽፋንና በኮር ይሠራሉ።

የሐዋሳ ሐይቅ ጨው የለውም፤ ታዲያ ኮሩ ለምን ይበሰብሳል?

ጨዋማ ውኃ ብረትን ስለሚበላ ጨው አልባ ውኃ ለጀልባ የሚሻል ይመስላል። ለሞተሩና ለብሎኑ እውነት ነው። እንጨት የሚያበሰብሱት ፈንገሶች ግን በጨው ውስጥ እንደ ልብ አይባዙም፣ በጨው አልባ ውኃ ደግሞ ይመቻቸዋል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም እንደ ሻላና እንደ አቢያታ ጨዋማ አልሆነም፤ በክረምት ጀልባው ላይ የሚያርፈው ዝናብም ያው ጨው አልባ ነው። ስለዚህ ወንበር በታሠረበት ቡሎን ወይም የገመድ ማሰሪያው በተበሳበት ቀዳዳ በኩል የምትገባ ጥቂት ውኃ መውጫ አጥታ ለዓመታት ትቀመጣለች።

ፎም አይበሰብስም። ነገር ግን ውኃና ተደጋጋሚ ንቅናቄ ማጣበቂያውን ካላቀቁት ከበሰበሰ ባልሳ የተሻለ አገልግሎት አይሰጥም።

ጉዳቱ የት ድረስ እንደደረሰ እንዴት ይታወቃል?

ለስላሳው ቦታ የጉዳቱ መሃል እንጂ ዳርቻው አይደለም። በካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ወለሉን በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ መታ መታ ማድረግ የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ጤነኛው ቦታ ጠርቶ የሚሰማ ድምፅ ሲሰጥ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ የተለወጠባቸው ነጥቦች በጠመኔ ሲያያዙ የጉዳቱ ቅርጽ ይወጣል። ቅርጹ አብዛኛውን ጊዜ ክብ አይሆንም፤ ከአንድ የብሎን ቀዳዳ ተነሥቶ ወደ አንድ አቅጣጫ የተንዠረገገ ነው።

ድምፅ መላቀቅን እንጂ እርጥበትን በትክክል አይነግርም፤ ስለዚህ በመስመሩ ውስጥና ውጭ በስስ ፑንታ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። እዚህ ላይ ድሪሉ የላይኛውን ሽፋንና ኮሩን ብቻ አልፎ ከታችኛው ሽፋን በፊት መቆም ስላለበት ፑንታው ላይ ቴፕ ጠምጥሞ የጥልቀት ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ፑንታው ይዞት የሚወጣው ፍቅፋቂ ሁሉን ይናገራል። ደረቅ ባልሳ ገርጥቶና ቀልሎ እንደ ዱቄት ይበተናል፤ የረጠበው ቡናማ ሆኖ ፑንታው ላይ ይለጠፋል፤ የበሰበሰው ጥቁር ነው፣ ይሸታልም። ደረቅ ፍቅፋቂ እስኪገኝ ድረስ ወደ ውጭ መብሳት ነው። ባለቤቶች የሚሳሱት እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን እርጥብ ኮር ውስጥ ትቶ መክደን ሥራውን ለከርሞ ማስቀጠር ነው፣ ቀዳዳዎቹ ግን ኋላ በሬዚን ይደፈናሉ።

ሽፋኑ ሲከፈት ምን ያህል ጥልቅ ይቆረጣል?

የሽፋኑን ውፍረት ያህል ብቻ፤ ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢያልፍ የሚነካው ኮር ስለሆነ ግድ የለም፣ ሆኖም ከኮሩ ሥር ያለው ሽፋን በምንም መንገድ መነካት የለበትም፤ እሱ ከተነካ ጥገናው ሁለት ይሆናል። የትንንሽ ጀልባዎች የወለል ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የምላጩ ጥልቀት የሚስተካከል ክብ መጋዝ ለረጅም ቀጥ ያለ መስመር ከሁሉ ይመረጣል። ግራይንደር በስስ ዲስክ ፈጣን ነው፣ ግን ጥልቀቱን የሚወስነው የሠራተኛው እጅ ብቻ ስለሆነ ለለመደ ሰው ካልሆነ አይመከርም።

ማዕዘኖቹ ሹል መሆን የለባቸውም። ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ስለሚነሣ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን አስቀምጦ ዙሪያውን በእርሳስ በማስመር ማዕዘኑን ማክበብ ይበቃል። ተቆርጦ የተነሣው ሽፋንም አይጣልም፤ ጀርባው ከጸዳ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል፣ ባይለጠፍም ለአዲሱ ኮር ልክ መውሰጃ ይሆናል።

አሮጌው ኮር በሰፊ መሮ፣ መሮው በጣም ተጋድሞ፣ ይነሣል። የበሰበሰው በማንኪያ የሚዛቅ ያህል ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ገና ያልለቀቀው ዳር ዳሩ ነው። የቀረው አሮጌ ኮር ጠርዝ ቀጥ ብሎ መቆረጥ አለበት፣ ምክንያቱም የተቦጫጨቀ ጠርዝ ከአዲሱ ኮር ጋር የተስተካከለ መገጣጠሚያ አይፈጥርም። ከዚያ የታችኛው ሽፋን በአሴቶን ይጸዳል፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ዱቄቱም ይጠረጋል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ቅባት ሳይጸዳ ከተፈገፈገ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ውስጥ ያሸዋል።

አዲሱ ኮር በምን ይቆረጣል?

በመጀመሪያ ልኩ በካርቶን ይወሰዳል፤ ካርቶኑ ላይ የጀልባው አፍንጫ ያለበት አቅጣጫና የላይኛው ገጽ በቀስት ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ ቀስት ከተረሳ ቁራጩ ተገልብጦ የሚቆረጥበት አጋጣሚ ሰፊ ነው። የአዲሱ ኮር ውፍረት ከአሮጌው ደረቅ ቁራጭ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከሳሳ የላይኛው ሽፋን ይጎደጉዳል፣ ከወፈረ ይቆለላል፣ ያን ለማስተካከል የሚፈሰው ስቱኮም ክብደትና ስንጥቅ ያመጣል።

ፒቪሲ ፎም እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ድረስ በከተርና በብረት ማስመሪያ በጥሩ ሁኔታ ይቆረጣል። ከተሩ በአንድ ጊዜ እንዲያልፍ መገፋት የለበትም። የመጀመሪያው ስስ መስመር ምላጩን የሚመራ ጎድጓዳ ይሠራል፣ ቀጣዮቹ በዚያው ውስጥ እየጠለቁ ይሄዳሉ፤ ፎሙ የሚገመሰውና ጠርዙ የሚቦጫጨቀው ምላጩ ሲደንዝ ስለሆነ ጫፉን ቶሎ ቶሎ ሰብሮ ማደስ ርካሽ መድኅን ነው። ከዚያ ለሚወፍረው ጥርሱ ደቃቅ የሆነ የእጅ መጋዝ ይሻላል። ጂግሶ፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ የኤሌክትሪክ መጋዝ፣ ኩርባ ላይ ያመቻል፣ ነገር ግን በወፍራም ፎም ውስጥ ምላጩ ወደ ጎን ስለሚታጠፍ የላይኛው መስመር ትክክል ሆኖ ሳለ የታችኛው ጠርዝ ዘሞ ይገኛል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውጭ ቆርጦ ቀሪውን በብርጭቆ ወረቀት ማውረድ ነው። አንዳንዶች ፎም በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ ስላዩ በፒቪሲም ላይ ሊሞክሩት ያስባሉ፤ ይህ አደገኛ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ፣ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይለቃል።

ባልሳ ሌላ ጠባይ አለው። ለኮር የሚሆነው ባልሳ ጭረቱ እንደ ሣንቃ ተጋድሞ ሳይሆን ከሽፋን ወደ ሽፋን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ ሲጫን ከሁሉ ይበልጥ ስለሚጠነክርና ውኃም በጭረት ተከትሎ ወደ ጎን እንዳይሮጥ ስለሚያደርግ ነው። ከባልሳ ሣንቃ ላይ በርዝመቱ ቀጭን ቁራጭ አውጥቶ ማስገባት ሁለቱንም ጥቅም ያሳጣል። የቆመ ጭረት በደነዘ ምላጭ ይደፈጠጣል፣ የተደፈጠጠ ጫፍ ደግሞ ሬዚን አይጠጣም፤ ስለዚህ ከሥሩ ጠፍጣፋ ሣንቃ አስደግፎ በደቃቅ መጋዝ መቁረጥ፣ መጋዝ ከጠፋ በአዲስ የሴጌቶ ላማ መሥራት ይቻላል።

ቁራጩ ጠብቆ በመዶሻ እየተመታ የሚገባ መሆን የለበትም። ጠባብ ቁራጭ ሲወርድ በጠርዙ ላይ የተቀባውን ማጣበቂያ ገፎ ያወርደዋል። በዙሪያው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢተው የወፈረ ሬዚን ይሞላዋል። ጥሩ አናጺ ለሆነ ሰው ይህን መቀበል ከባድ ነው፤ እጁ የለመደው ወረቀት የማያስገባ መገጣጠሚያ ነውና።

ቦታው ጠማማ ሲሆንስ?

ጠፍጣፋ ሰሌዳ በኃይል ቢታጠፍና በክብደት ቢያዝ ክብደቱ ሲነሣ ቀጥ ለማለት ይታገላል፣ ማጣበቂያውንም ቀስ በቀስ ይላቅቃል። ስለዚህ ሰሌዳው በአንድ ገጹ በኩል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይበጠስ፣ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይሰነጠራል፤ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ስስ መረብ ኖሮት ተሰንጥሮ የሚሸጥም አለ። ሰሌዳው ሲታጠፍ ስንጥሮቹ ይከፈታሉ። እነዚህ ክፍት ስንጥሮች ከመለጠፉ በፊት አንድ በአንድ በወፈረ ሬዚን መሞላት አለባቸው፤ ባዶ ከቀሩ ሰሌዳው በተፈለገው መልክ ቢጣበቅም ውስጡ እርስ በርሱ የተገናኘ ቦይ ይሆናል፣ አንድ ብሎን ያስገባት ውኃም ወለሉን በሙሉ ታዳርሳለች። ከላይ የተጠቀሰው የተንዠረገገ የጉዳት ቅርጽ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው። የተሰነጠረ ሰሌዳ ሬዚን ስለሚጠጣ ይከብዳል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያልተሰነጠረውን መጠቀም የሚሻለው ለዚህ ነው።

ጠርዙ ለምን ሰያፍ ይሆናል?

ኮሩ ከሌላ ኮር ጋር ሳይሆን ኮር ከሌለበት ወፍራም ፋይበር ግላስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። በዚያ ጠርዙ እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ ከተቆረጠ ከላይ የሚነጠፈው የመስታወት ጨርቅ ማዕዘኑን ተከትሎ መውረድ ስለማይችል ድልድይ ሠርቶ ከሥሩ አየር ይቀራል። ስለዚህ ጠርዙ ከከፍታው ሦስት እጥፍ በሚሆን ርቀት ተዳፋት ይደረጋል፤ 15 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር ኮር ተዳፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ፎም በከተር ተገምሶ በብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይወርዳል።

የሽፋኑ ጠርዝ ከዚህም የተጋደመ ሰያፍ ይፈልጋል፤ የተለመደው ከውፍረቱ 12 እጥፍ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሽፋን በዙሪያው 36 ሚሊ ሜትር እየሳሳ እንዲሄድ ይፈገፈጋል፣ አዲሱ ጨርቅም በዚያ ላይ እየሰፋ ይነጠፋል። የፋይበር ግላስ ብናኝ ከሁሉ የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ያለ ማስክ፣ ያለ መነጽርና ያለ ረጅም እጅጌ ልብስ መጀመር አይገባም።

ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም አይሆንም?

የጀልባ ፎም በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አይሆንም ነው። ነጩ ፎም ፖሊስታይሪን ሲሆን፣ በብዛት የምንጠቀምበት ፖሊስተር ሬዚን ደግሞ ስታይሪን የተባለ ፈሳሽ በውስጡ አለው፤ ስታይሪን ፖሊስታይሪንን ያሟሟዋል። በቁራጭ ላይ ጥቂት ጠብታ ቢፈስ ፎሙ ዓይን እያየ እየሰመጠ ጉድጓድ ይሆናል። ኢፖክሲ ሬዚን አያሟሟውም፤ ሆኖም ፎሙ ራሱ ለሚረገጥ ወለል የሚበቃ ጥንካሬ የለውም። ለበርና ለመስኮት ክፍተት የሚረጨው ቢጫ ፎምም ጉድጓዱን ይሞላል እንጂ ሽፋኖቹን አያያይዝም። የጀልባ ፎም ወይም ባልሳ ካልተገኘ ለውኃ የሚሆን ሙጫ ያለው ኮምፔርሳቶ ክብደቱ ታስቦበት በትንንሽ ቦታ ላይ ሊያገለግል ይችላል፤ ጠርዞቹና ቀዳዳዎቹ ሁሉ ግን በሬዚን መታሸግ አለባቸው።

ከተቆረጠ በኋላ እንዴት ይጣበቃል?

ደረቅ ባልሳ ሬዚን በኃይል ይጠጣል። አስቀድሞ በቀጭን ሬዚን ካልተቀባ ከማጣበቂያው ውስጥ ሬዚኑን መጥጦ መገጣጠሚያውን ደረቅ ያስቀረዋል። ሰዓቱም ይመረጣል፤ ኮሩ ውስጥ ያለው አየር ሙቀት በሚጨምርበት ጠዋት እየሰፋ በሬዚኑ ውስጥ አረፋ ይሠራል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲወርድ ግን ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። የሐዋሳ የከሰዓት ነፋስ አቧራ ስለሚያነሣ ከለላ ያስፈልጋል። የፖሊስተር ሬዚን ማጠንከሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ የማያዳግም ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል መነጽሩ እስከ መጨረሻው ከፊት አይወርድም።

ለመለጠፊያ የሚሆነው ሬዚን ማወፈሪያ ዱቄት ተጨምሮበት የማይፈስ ይደረጋል። የመኪና ስቱኮ ለዚህ አይመረጥም፣ እርጥበት ይጠጣልና። ከመለጠፉ በፊት በኮሩ ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ስስ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፤ ሰሌዳው ተቀምጦ ሲጫን ከሥሩ ያለው አየር በነዚያ ይወጣል፣ ቀጥሎም ማጣበቂያው እንደ ትንንሽ እንጉዳይ በየቀዳዳው ብቅ ብቅ ይላል። ያልወጣበት ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ማጣበቂያ አልደረሰም፤ ሰሌዳው ገና እርጥብ ሳለ ተነሥቶ ይጨመርበታል። ከዚያ ፕላስቲክ ተነጥፎበት የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል።

ብሎን የሚያልፍበት ቦታስ?

ብሎን ሲጠብቅ ፎምና ባልሳን ይጨፈልቃል፣ በጎኑም ውኃ ያስገባል። በዚያ ቦታ ኮሩ ከብሎኑ ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይወጣና በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲደርቅ በመሃሉ ለብሎኑ የሚበቃ አዲስ ቀዳዳ ይበሳል፣ እንዲህ ሲሆን ብሎኑ ኮሩን ሳይነካ ያልፋል። ሞተር የሚታሠርበት የኋላ ግድግዳ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሞተሩን ክብደትና ግፊት በሙሉ የሚሸከም ስለሆነ በቀላል ፎም አይተካም፣ ሰው የሚያመላልስ ጀልባ ከሆነም ይህን ክፍል ልምድ ላለው የጀልባ ሠራተኛ መስጠት ይገባል።